የተከፈተው አንጀትና የመመለሱ ነገር

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1710 ዓ.ም. አሌክሲስ ሊትሬ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ በተወለደ በስድስተኛው ቀን የሞተ የአንድ ሕፃን ሬሳ ከፍቶ ሲመረምር፣ ወደ መቀመጫ የሚወርደው የአንጀት ክፍል ከመካከሉ ተቋርጦ፣ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ በቀጫጭን ክሮች ብቻ ተያይዘው አገኛቸው። ሕፃኑ የሞተው የጠባው ወተት መውጫ መንገድ ስላጣ ነው። ሊትሬ በዚያ ሬሳ ፊት ቆሞ ያሰበውን፣ በፓሪስ የነበረው የንጉሡ የሳይንስ አካዳሚ መዝግቦ ስላቈየው እስከ ዛሬ ድረስ ይታወቃል፤ ይኸውም የእንዲህ ያለውን ሕፃን ሆድ ቀዶ፣ ሁለቱን የተደፈኑ ጫፎች ከፍቶ እርስ በርሳቸው መስፋት፣ ይህ ባይሆን ደግሞ የላይኛውን ጫፍ ወደ ሆድ ቆዳ አምጥቶ፣ ከቶ ሳይዘጋ የመቀመጫን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል የሚል ነበር።

ልብ ብሎ ለሚያስተውል ሰው፣ አንጀትን አውጥቶ በሆድ ላይ በር መክፈትና የተቋረጠውን አንጀት መልሶ መቀጠል በአንድ ቀን ከአንድ ሕሊና የተወለዱ መንትያ አሳቦች ናቸው። ዳሩ ግን ታሪከ ሕክምና ሁለቱን እኩል አላሳደጋቸውም። በር መክፈቱ ከብዙ ሰው ሞት በኋላ ቀስ በቀስ ተለመደ፤ መልሶ መቀጠሉ ግን፣ ይልቁንም ደንዳኔው፣ ማለት ትልቁ አንጀት፣ ጨርሶ ለወጣለት ሰው፣ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ከተስፋ ብዙም አላለፈም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምደክመው በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ዘመን ባዶ እንዳልነበረ ነው፤ ሕመምተኛው «ልመለስ ወይስ እንዲሁ ልኑር?» ብሎ ለመምረጥ የቻለው፣ እንዲሁ መኖሩ ራሱ ሕይወት የሚባል ሕይወት ከሆነለት ወዲህ ነውና፤ ይህንንም ያደረጉለት ከቢላዋው ይልቅ ሙጫና ከረጢት፣ ከታላላቆቹም ቀዶ ጠጋኞች ይልቅ ሕመሙን በገዛ ሥጋቸው የተሸከሙ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ናቸው።

የሰው እጅ ያልደፈረውን ነገር አንዳንድ ጊዜ ፍጥረት ራሷ ስትሠራው ታይታለች። ዊልያም ቸዝልደን የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ቀዶ ጠጋኝ የጻፈልን የአንዲት አሮጊት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ይህች ሴት ከ50 ዓመቷ ጀምሮ አንጀቷ በእምብርቷ በኩል ሲገፋባት ኖራ፣ በ73 ዓመቷ ብርቱ ቁርጠት ይዟት እብጠቱ ፈነዳ፤ ሐኪሙም በደረሰ ጊዜ 67 ሳንቲ ሜትር ያህል አንጀት ሞቶ በውጭ ተንጠልጥሎ አገኘ። የሞተውን ቈርጦ ጣለ፤ ጤናማውን ጫፍ ግን ወደ ውስጥ ለመመለስም ለመስፋትም ሳይሞክር በእምብርቷ ላይ እንዳለ ተወው፤ ጫፉም ከሥጋዋ ጋር ተጣበቀና፣ አሮጊቲቱ በዚያው በር እየተጸዳዳች ብዙ ዓመት ኖረች። ቸዝልደን የጻፈው ግን አንጀቷን እንጂ ኑሮዋን አይደለም፤ ይህም የአጻጻፍ ልማድ ከእርሱ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በሐኪሞች መጻሕፍት ላይ ሠልጥኖ ኖሯል።

በ1776 በሩዋን ከተማ ፒሎር የተባለ ሐኪም አስቦና ወስኖ ይህን በር ከፈተ። ሕመምተኛው የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር፤ የአንጀቱ መጨረሻ በእጢ ተዘግቶበት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ በዚያም ዘመን በነበረው ልማድ፣ በክብደቱ መንገዱን ይጠርግ እንደ ሆነ ተብሎ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ባዚቃ ውጦ ነበር። ፒሎር ሌሎችን ሐኪሞች ቢያማክር ተቃወሙት፤ እርሱ ግን በሆዱ ቀኝ በኩል የደንዳኔውን መጀመሪያ አውጥቶ ከፈተው፤ በሽተኛውም ወዲያው ተነፈሰለት፤ በበሩ ላይ ስፖንጅ ተደርጎ በመቀነት ታሰረለት። ይሁን እንጂ በ28ኛው ቀን ሞተ። ሬሳው ሲመረመር ባዚቃው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ተኝቶ ሥጋውን ገድሎት ተገኘ፤ በሩ ግን ደኅና ነበር። እንግዲህ ሰውዬውን የገደለው የደፋሩ ሐኪም ቢላዋ ሳይሆን አስቀድሞ መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ነው።

ከዚያ በኋላ በ1793 በብሬስት ወደብ፣ መቀመጫው ሳይከፈት የተወለደ የ3 ቀን ሕፃን ዱሬ ለተባለ ሐኪም ቀረበለት። ዱሬ አስቀድሞ እጁን በአንድ ሕፃን ሬሳ ላይ ካለማመደ በኋላ፣ የሕፃኑን ሆድ በግራ በኩል ቀዶ አንጀቱን ወደ ውጭ ሳበ፤ ተንሸራትቶም ወደ ውስጥ እንዳይመለስ ሰም የተቀባ ክር ከበስተኋላው አሳልፎ ያዘው፤ ከዚያም ከፈተው። ይህ ሕፃን አድጎ 45 ዓመት ኖረ። ማደንዘዣ ባልነበረበት፣ ቁስልን ስለሚያመረቅዘው ረቂቅ ተሕዋስ ማንም ባላወቀበት ዘመን፣ ሰም በተቀባ ክር የተያዘ አንድ የሕፃን አንጀት 45 ዓመት ማገልገሉን ባሰብሁ ቁጥር መደነቄ አይቀርም።

የመመለሱን ሥራ በዘዴ ከያዙት ቀደምቶች መካከል ዋነኛው በፓሪስ ኦቴል ዲዩ በተባለው ታላቅ ሆስፒታል ያገለግል የነበረው ባሮን ዱፑይትረን ነው። በዚያ ዘመን እብጠት ታንቆበት አንጀቱ የሞተበት ሰው፣ ከሞት ቢተርፍ፣ ሁለት የአንጀት አፎች ጎን ለጎን በቆዳው ላይ ተከፍተው ይቀሩ ነበር፤ በመካከላቸውም እንደ ግድግዳ የቆመ ሥጋ አለ፤ ከላይ የመጣው ሁሉ በዚህ ግድግዳ ላይ ተገትቶ ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ወደ ታችኛው አፍ አይሻገርም። ዱፑይትረን የአንጥረኛ ጉጠት የሚመስል መሣሪያ አሠራ፤ አንዱን ክንፍ በአንደኛው አፍ፣ ሁለተኛውንም በሌላው አፍ አግብቶ፣ በመካከል ያለውን ግድግዳ ይቈነጥጥበታል፤ ብሎኑንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያጠብቀዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የታፈነው ሥጋ ሞቶ ከነመሣሪያው ይወድቃል፤ ዙሪያውም አስቀድሞ እርስ በርሱ ስለ ተጣበቀ ወደ ሆድ ዕቃ ምንም አይፈስስም፤ ሁለቱ መንገዶች አንድ ይሆናሉ፤ የውጪውም በር ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ይጠብባል። ሌላው ፈረንሳዊ ሌምቤር በ1826 እንዳስተማረውም፣ አንጀት የሚያያዘው ውጫዊ ልባሱ ከውጫዊ ልባሱ ጋር ገጥሞ ሲሰፋ ነው፤ በዚህ ጥበብ አንጀት ዛሬም በየሆስፒታሉ ይሰፋል።

በዚህ ላይ ሌላ ፈረንሳዊ ሳልጠቅስ ባልፍ የአገሬን ሕመምተኞች እንደ መርሳት ይቈጠርብኛል። ሄንሪ ሃርትማን በ1921፣ የታችኛው ደንዳኔ በእጢ የተያዘበትን ሰው የታመመውን ቈርጦ አውጥቶ፣ የላይኛውን ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ከፍቶ፣ የታችኛውን ጫፍ ሰፍቶ በውስጥ መተውን አሳወቀ። ይህ በስሙ የሚጠራው ሥራ በእኛ አገር ሆስፒታሎች የሚታወቀው ከእጢው ይልቅ በአንጀት መጠማዘዝ ነው፤ ከገጠር የሚመጡ ብዙ ገበሬዎች የግራ በኩል ደንዳኔያቸው በራሱ ላይ ተጠማዝዞ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አንዳንዱም ሁለትና ሦስት ቀን በቃሬዛና በመኪና ተጉዞ ስለሚደርስ፣ አንጀቱ ሞቶ ከተገኘ ሐኪሙ በዚያ ሌሊት መቀጠልን አይደፍርም፤ ቈርጦ ያወጣና በሩን ከፍቶ ነፍሱን ያድናል።

አጎቴ እንዲህ ካሉት አንዱ ነበር። ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ በማኅበርም በለቅሶም ቤት ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ ጋቢውን አራት አጥፎ በግራ ጎኑ ላይ ይደርበዋል፤ ሰው ወደ እርሱ ጠጋ ባለ ቁጥር እጁ ወደዚያ ጋቢ ይሄዳል። ያገኘው ከረጢት ጥቂት ስለ ነበረ፣ የአጎቴ ሚስት እትዬ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እያጠበች ሌሊት በእሳት ዳር ታደርቅለት ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያንም መግባቱን ተወ፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድስ ጀመር። የንስሐ አባቱ ይህን ሰምተው ቤቱ ድረስ መጡና «ሕማም ነው እንጂ ርኵሰት አይደለም፤ ግባ» አሉት፤ እርሱ ግን እሺ አባቴ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ፣ በማግሥቱም ከውጭ ቆመ። እኛን ዘመዶቹን ባገኘን ቁጥር የሚጠይቀን ጥያቄ አንድ ነበር፤ «መቼ ነው የሚመልሱኝ?»

ያም ሆኖ የአጎቴ በር የደንዳኔ በር ነበር። በደንዳኔ በር የሚወጣው ውሃው የተመጠጠለት፣ ቅርጽ የያዘ ስለ ሆነ በጨርቅም በመቀነትም ቢሆን እንደ ምንም ይያዛል። ደንዳኔው ጨርሶ ወጥቶ የቀጭኑ አንጀት ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ሲከፈት ግን፣ ሐኪሞች ኢሊዮስቶሚ የሚሉት ይህ ነው፣ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። 6 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭኑ አንጀት ምግቡን አሟሙቶ ጥቅሙን ለደም ካስረከበ በኋላ፣ በየቀኑ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ ለደንዳኔው ያሳልፋል፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ የሆነው ደንዳኔም ውሃውንና ጨውን መጥጦ ወደ ደም ይመልሳል። ስለዚህ ያለ ደንዳኔ የሚኖር ሰው የሚጐድለው እንጀራው አይደለም፤ ውሃውና ጨው ነው። ከዚህም በላይ ከቀጭኑ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ሥጋን የሚያሟሙት ቅመሞች ገና በኃይላቸው ያሉበት በመሆኑ፣ ቆዳን ባገኘ ጊዜ ያንኑ ቆዳ እንደ ምግብ ይበላዋል።

ወደዚህ መከራ ብዙዎችን የሚያደርሳቸው፣ ሳሙኤል ዊልክስ በ1859 በሎንዶን ከሌላው ተቅማጥ ለይቶ ስም ያወጣለት የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው፤ ይህ ሕማም በአብዛኛው ወጣቶችን ይዞ፣ ደም እያስቀመጠ፣ አጥንታቸው እስኪቈጠር ያመነምናቸው ነበር። በ1913 በአሜሪካ በሴንት ልዊስ ከተማ ጆን ያንግ ብራውን የቀጭኑን አንጀት ጫፍ በሆድ ላይ ከፍቶ ደንዳኔውን ከሥራው ማሳረፍን አሳወቀ፤ አሳቡም የታመመው አንጀት ካረፈና ከዳነ በኋላ በሩን ዘግቶ ሁሉን ወደ ቦታው መመለስ ነበር። ነገር ግን በሩ በተዘጋ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ደሙም ተቅማጡም አብሮ ተመለሰ። ስለዚህ ለብዙ ዘመን መመለስ የሚለው ቃል ለነዚህ ሰዎች ወደ ሕማም መመለስ ማለት ነበር። ሐኪሞቹም ደንዳኔውን እስከ መጨረሻው አውጥተው በሩን ለዕድሜ ልክ መተው ግድ ሆነባቸው።

የዕድሜ ልኩ በር ግን የሚኖሩበት አልነበረም። አንጀቱ ከቆዳው ጋር እኩል ሆኖ ይሰፋ ስለ ነበር ፈሳሹ ወዲያው ቆዳውን ያጥበዋል፤ ቆዳውም እንደ እሳት ቃጠሎ ይላጣል፤ በውጭ የተጋለጠው የአንጀት ልባስ ይቈጣና ያብጣል፤ አፉ ይጠብባል፤ ታግዶ የቈየውም ፈሳሽ ኋላ በሊትር እየተቈጠረ ይወርዳል። በቺካጎ የነበረው አልፍሬድ ስትራውስ ከገዛ በሽተኛው ከኮኒግ ጋር ሆኖ በቆዳ ላይ በሙጫ የሚጣበቅ የጐማ ከረጢት አወጣ፤ ኮኒግ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርና፣ የራሱን ችግር በራሱ ትምህርት ፈታ ማለት ነው። ይህ ከረጢት ከነጥንካሬው ከባድና ጠረን የሚይዝ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ልብሱን ለብሶ ወደ ሥራው እንዲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቻለ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነገር በመጠኑ እጅግ ትንሽ፣ በፍሬው እጅግ ታላቅ ነው። በ1952 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ይሠራ የነበረው ብራያን ብሩክ፣ ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ስለ ኢሊዮስቶሚ አያያዝ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ፣ የአንጀቱን ጫፍ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ገልብጦ ውስጠኛውን ገጽ ከቆዳ ጋር መስፋት እንደሚሻል ባጭሩ ጠቅሶ አለፈ። የእጀ ጠባብን እጅጌ ወደ ላይ እንደ መገልበጥ ያለ ነው፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ጫፉም ከሆድ ቆዳ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይቆማል፤ ፈሳሹም ቆዳውን ሳይነካ ወደ ከረጢቱ ይንጠባጠባል። እንዲህ የተሠራ በር በቅርብ ለሚያየው የከንፈርን ውስጥ ይመስላል፤ ቀይ ነው፤ ዘወትር እርጥብ ነው፤ እጅ ቢነካው ሕመም አይሰማውም፤ ትንሽ ቢፈገፈግ ግን ደም ይላል፤ ባለቤቱም ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ እርሱ በራሱ ፈቃድ ይሰበሰባልና ይዘረጋል። ብሩክ ያን አጭር ቃል ከጻፈ ወዲህ የተላጠ ቆዳና የሚዘጋ በር የዕለት እንጀራቸው የነበሩ ሰዎች ከአልጋ ተነሡ።

በዚሁ ዘመን በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ሩፐርት ተርንቡል የተባለው ሐኪም፣ ከህንድ አገር ዛፍ የሚገኘውን፣ እስከዚያ ድረስ ሰው ሠራሽ ጥርስን በድድ ላይ ለማጣበቅ ያገለግል የነበረውን የካራያ ሙጫ በበሩ ዙሪያ ነስንሶ ቆዳን ማዳን ጀመረ። በ1954 ይህ ሐኪም ደንዳኔያቸውን ካወጣላቸው ሰዎች አንዷ የኦሃዮዋ ኖርማ ጊል ነበረች። አያቷ በካንሰር ምክንያት የደንዳኔ በር ነበራቸው፤ ልጇም የሽንት ፊኛዋ በትክክል ሳይሠራ ተወልዳ የሽንት በር ተከፍቶላታል፤ እንግዲህ ይህች ሴት ከላይም ከታችም ከራሷም ሥጋ ሳይቀር ይህን ነገር የምታውቅ ነበረች። ነርስ ሳትሆን፣ ዲፕሎማ ሳትይዝ፣ ሌሎችን ሕመምተኞች በየቤታቸውና በየአልጋቸው እየዞረች ማስተማር ያዘች፤ ተርንቡልም በ1958 ወደ ሆስፒታሉ አስገብቶ ሥራዬ ብላ እንድትይዘው አደረጋት፤ በ1961ም ከእርሱ ጋር የዚህን ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ታላቁ ቀዶ ጠጋኝ ሊያስተምር የማይችለውን ነገር አንዲት የቤት እመቤት እንደምታስተምር ስለ ተረዳ፣ ለተርንቡል ከቢላዋው ጥበብ የማያንስ ክብር ይገባዋል እላለሁ።

በኮፐንሃገን ደግሞ ኤሊዘ ሶረንሰን የተባለች ነርስ፣ በ32 ዓመቷ በሆዷ ላይ በር የተከፈተላት እኅቷ ቶራ፣ ከረጢቱ በሰው ፊት እንዳያዋርዳት ፈርታ ከቤት አልወጣ ማለቷ እንቅልፍ ነሣት። በ1954 ከቀጭን ፕላስቲክ የተሠራ፣ በአፉ ዙሪያ የሚጣበቅ ቀለበት ያለው፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ከረጢት አሰበች። ያማከረቻቸው ፋብሪካዎች አልተቀበሏትም፤ የፕላስቲክ ሠሪው ኦጌ ሉዊስ ሃንሰንም መጀመሪያ እምቢ ብሏት ነበር፤ ነርስ የነበረችው ሚስቱ ዮሃነ ግን የነገሩን ክብደት ዐውቃ ስለ መከረችው 1,000 ከረጢት ሠራላት፤ ኮሎፕላስት የተባለውም ድርጅት በ1957 ከዚህ ተወለደ። በኒው ዮርክ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል በኪው እና በቲ ክፍሎች የተኙ ሕመምተኞች በ1951 በክፍሎቹ ስም የሚጠራ ማኅበር መሥርተው እርስ በርስ መጠያየቅና መማማር ጀመሩ፤ እንግሊዞችም በ1956 የራሳቸውን አቆሙ። በማንም ፊት ስሙ የማይጠራው ነገር በማኅበር መካከል በስሙ ተጠራ።

መመለሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይህንንም ቅደም ተከተል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ቀጭኑን አንጀት ከመቀመጫው ጋር በቀጥታ ለመስፋት ኒሰን በ1933 በበርሊን፣ ራቪችና ሳቢስተንም በ1947 በአሜሪካ ደክመውበት ነበር፤ ዳሩ ግን ማጠራቀሚያ ስለሌለው፣ በላይ የገባው ፈሳሽ በታች ወዲያው ስለሚወርድ፣ ሰውዬው ከመጸዳጃ ቤት አይለይም። በ1969 በስዊድን አገር በየተቦሪ ከተማ ኒልስ ኮክ ከመጨረሻው የቀጭኑ አንጀት ክፍል በሆድ ውስጥ ማጠራቀሚያ ሠራ፤ ከዚያም ሳይፈቀድለት እንዳይፈስስ መዝጊያ ጨመረበት፤ ባለቤቱም በቀን ጥቂት ጊዜ በቀጭን ቱቦ ይቀዳዋል እንጂ ከረጢት አይሸከምም። በሎንዶን በቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል የነበረው አለን ፓርክስ የኮክን ማጠራቀሚያና የቀደሙትን ሰዎች ስፌት በአንድ ላይ አጣመራቸው፤ የታመመውን ደንዳኔ በሙሉ አውጥቶ፣ መቀመጫውን የሚዘጋውን ጡንቻ ግን በጥንቃቄ ጠብቆ፣ ቀጭኑን አንጀት ሦስት እጥፍ አድርጎ እንደ ኤስ ፊደል ያለ ማጠራቀሚያ ሠራና ከዚያው ከጡንቻው ጋር ሰፋው። ከኒኮልስ ጋር በ1978 ይህን ባሳተመ ጊዜ፣ ደንዳኔ የሌለው ሰው በተፈጥሮ በሩ ሊጸዳዳ እንደሚችል ዓለም ዐወቀ። ከመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ማጠራቀሚያውን ለማጉደል ቱቦ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ጃፓናዊው ኡትሱኖሚያ በ1980 ሁለት እጥፍ ብቻ የሆነ፣ እንደ ጄ ፊደል ያለ ማጠራቀሚያ ባሳወቀ ጊዜ ይህ ችግር ቀለለ፤ ዛሬም በብዛት የሚሠራው ይኸው ነው።

አዲሱ ስፌት እስኪጠና ድረስ ከላይ ጊዜያዊ በር መክፈት የተለመደ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሕመምተኞች «መመለስ» የሚሉትም ይህን ጊዜያዊ በር መዝጋት ነው። ከሁለትና ከሦስት ወር ቈይታ በኋላ ሐኪሙ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሮ እንዳያፈስስ ይመረምራል፤ የጡንቻውንም ብርታት በጣቱ ይፈትናል። ከዚያም የበሩን ዙሪያ ቀዶ አንጀቱን ከሆድ ግድግዳ ያላቅቀዋል፤ ሁለቱን አፎች ሰፍቶ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ የቆዳውንም ቀዳዳ አንዳንዶች ዙሪያውን ክር አሳልፈው እንደ ኮረጆ አፍ ሰብስበው ይተዉታል። ሥራው ከፊተኛው ይልቅ ቀላል ነው፤ ኑሮው ግን ወዲያው አይቀልም፤ የተመለሰ ሰው በቀን ከ4 እስከ 8 ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹም ሳምንታት ከዚያ አብልጦ ይጸዳዳል፤ ሌሊትም ይነሣል፤ የመቀመጫው ቆዳ ይቃጠላል፤ ማጠራቀሚያው ራሱ እየተቈጣ መድኃኒት የሚሻበት ጊዜ አለ። ለሴቶችም ይህ በዳሌ ውስጥ የሚሠራ ታላቅ ቀዶ ጥገና የመፀነስን ዕድል የሚቀንስ በመሆኑ፣ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ልትነጋገርበት ይገባል።

እንዲሁ ለመኖር የመረጠም ሰው ሥርዐት አለው። ብዙ ፈሳሽ ሲወጣበት ውሃ ብቻ ቢጠጣ ጥሙ አይቈርጥም፤ ጨው የሌለው ውሃ ከአንጀቱ ጨው እየሳበ ይወጣልና፤ ስለዚህ ጨውና ስኳር በልክ የተበጠበጠበትን ይጠጣል። ሳይላም የሚዋጥ ነገር፣ እንደ ቆሎና እንደ በቆሎ ያለ፣ በጠባቡ በር ላይ ሊጋደም ስለሚችል በደንብ አላምጦ መብላት አለበት። በአገራችን ደግሞ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ለእንዲህ ያለው ሰው የኵላሊት አደጋ ነው፤ ይህን ለንስሐ አባቱ ገልጦ መናገር እንጂ በዝምታ መጾም አይገባውም። ይህን ሁሉ ጠብቆ የሚያርስ፣ የሚያስተምር፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው «አልመለስም» ቢል፣ ተሸነፈ የሚለው ካለ የዚህን ሥራ ታሪክ አያውቅም። የሚመለሰውም ቢሆን ጎረቤት ስለ አየው ሳይሆን ጡንቻው፣ ስፌቱና አሳቡ ሲጠኑለት ሊመለስ ይገባዋል፤ ቀኑን የሚቈርጠው ኀፍረት ሲሆን የሚከተለው ጕዳት ብዙ ነው።

አጎቴ የተመለሰው በስምንተኛው ወር ነበር። ደንዳኔው ከሞላ ጐደል በቦታው ስለ ነበረ የእርሱ ነገር ከላይ ከተናገርሁት ሁሉ ይቀል ነበር፤ ሆኖም ሆዱ እንደ ገና መከፈቱ አልቀረም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ፣ ምግብም ውሃም ተከልክሎ፣ ሐኪሞቹ ጠዋት ጠዋት እየመጡ «ጋዝ ወጣ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ እርሱም አንገቱን እየነቀነቀ አልወጣም ይላል። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ፣ ሌሎቹ ሕመምተኞች ሳይነሡ፣ ተረኛዋን ነርስ በእጁ ጠቅሶ ጠራትና ጎንበስ እንድትል አደረጋት። «ልጄ፣ ነውር አይሁንብኝና» አላት በሹክሹክታ፣ «ሌሊት ነፋሱ በታች ወጣ።» እርሷም «እንኳን ደስ አለዎት አባቴ» ብላ በአልጋው ግርጌ በተሰቀለው ካርድ ላይ ሰዓቱን ጻፈች፤ ረፋድ ላይም ሐኪሙ አይቶት ቱቦው ወጣለት፤ ቀጭን ሻይ እንዲቀምስ ተፈቀደ። እትዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየሞላች ስታመላልሰው የነበረውን ፔርሙዝ ከፈተችና፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ግማሽ ብርጭቆ ቀዳችለት።